ሸቀጥ በችግር ቀን ከሱቅ የሚጠፋው ስለ ምንድን ነው?

በአገራችን ጦርነት ወይም ወረርሽኝ በመጣ ቍጥር፣ መንገድም በተዘጋ ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «ጠፋ» የሚል ነው። ዘይት ጠፋ፣ ስኳር ጠፋ፣ ሳሙና ጠፋ ይባላል። ወዲያውም «ማን አጠፋው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ መልሱም ሳይመረመር «ነጋዴው ደበቀው» ይባላል። ይህ መልስ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን እውነት አይደለም። እውነት ባልሆነበት ቀን ይህን የተናገረ ሰው በባልንጀራው ላይ በሐሰት መስክሯል ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን መርምሮ ማወቅ ለሻጭና ለገዢ ብቻ ሳይሆን ሕዝብን ለማስተማር ለተሾመ ካህንም ይገባዋል።

የነገሩ መነሻ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 21 ቀን ነበር። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 17 ቀን፣ ሩስያ በዩክሬን ላይ ጦርነት ከፍታ ነበር። ጾሙ እንደ ገባ እኔ በምኖርበት በድሬዳዋ ከተማ፣ በከዚራ ሰፈር፣ የምግብ ዘይት ከሱቆች እየሳሳ ሄደ፤ ዋጋውም በየቀኑ ይጨምር ጀመር። በመጋቢት ወር በብዙ የአገራችን ከተሞች የባለ አምስት ሊትሩ ዘይት ዋጋ ወደ ሺህ ብር ደርሶ ነበር። ቅቤ በማይበላበት በጾም ወራት ዘይት ለድኻውም ለባለጸጋውም የወጡ መሠረት ስለ ሆነ የሕዝቡ ጭንቀት ታላቅ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን የጾሙ ሦስተኛው ሰንበት፣ ምኵራብ፣ ነበር። በዚህ ሰንበት ጌታችን ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ ሻጮችንና ገንዘብ ለዋጮችን እንዳስወጣ የሚናገረው ወንጌል እንደሚነበብ የታወቀ ነው። የማስተማሩ ተራ ደርሶኝ ነበርና ወንጌሉን ወደ ዘመኑ ነገር አምጥቼ፣ ዘይት ስለሚደብቁ ነጋዴዎች አጥብቄ ተናገርሁ። ሕዝቡም ደስ ብሎት ሰማኝ። እንዲህ ያለው ትምህርት ሰሚውን ደስ የሚያሰኘው የሚወቀሰው ሌላ ሰው ስለ ሆነ መሆኑን ያን ቀን ልብ አላልሁም።

ከቅዳሴ በኋላ አንድ ባለ ሱቅ ምእመን በቅጽሩ በር ቆሞ ጠበቀኝ። መስቀል ከተሳለመ በኋላ፣ «አባታችን፣ ዛሬ የተናገሩት ስለ እኔ ነውን? ጎረቤቶቼ ሁሉ ወደ እኔ ይመለከቱ ነበር» አለኝ። «ማንንም በስም አልጠራሁም» ብዬ መለስሁለት። እርሱም «እንግዲያስ ነገ ከሱቄ ይምጡና በዓይንዎ ይዩ፤ ከዚያ በኋላ ያገኙትን ይናገሩ» አለኝ።

በማግሥቱ ሄድሁ። ከመደርደሪያው በስተጀርባ ያለችውን ጠባብ ዕቃ ቤት ከፍቶ አሳየኝ። ጥቂት ካርቶን ሳሙና፣ ክብሪት፣ ጨውና ሻይ ቅጠል አየሁ፤ ዘይት ግን አንድ እንኳ አልነበረም። ከዚያም የሽያጭና የዱቤ መዝገቡን አውጥቶ ዘረጋልኝ። በየካቲት የመጨረሻ ሳምንት የነበረው ዘይት ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ እንዳለቀ ከመዝገቡ ታየ። ከገዢዎቹ መካከል የእኔም ስም ተጽፎ አገኘሁት፤ «ዘይት ባለ 5፣ ሁለት» ይላል። በቤታችን አንዱ ለወር የሚበቃ ሲሆን «እንዳይጠፋብን» ብዬ ሁለት እንዲመጣ ያዘዝሁት እኔው ነበርሁ። ባለ ሱቁ ጣቱን ከስሜ ላይ አላሳረፈም፤ እኔ ግን ያየሁትን አየሁ።

ከዚያው ሳልወጣ ሦስት ሰዎች ተከታትለው ገብተው ስኳር በብዛት ጠየቁ። አንዲቱን ሴት «እንግዳ ይመጣብሽ ይሆን?» ብዬ ብጠይቃት፣ «የለም አባታችን፤ ትናንት በቤተ ክርስቲያን ዕቃ እየተደበቀ ነው ሲባል ሰምቼ ነው» አለችኝ። የእኔን ትምህርት መስማቷ ነበር። ዘይት ያጠፉትን እወቅሳለሁ ብዬ ስኳር የማጠፋ ሆንሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጅምላና የችርቻሮ ነጋዴዎችን እየጠየቅሁ፣ መጻሕፍትንም እየተመለከትሁ የመረመርሁትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ከተማዪቱና መንገድዋ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ አስቸጋሪ ስለ ነበረ፣ በተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ። አሸዋማ ከሆነው ከደቻቱ ወንዝ በምዕራብ ያለው ከዚራ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ በፕላን የተሠራ ሰፈር ነው፤ በምሥራቅ ያለው መጋላ ደግሞ የቀፊራ ገበያ የሚገኝበት ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሌሎች ከተሞች በምንጭ ዳር ወይም በቤተ መንግሥት አጠገብ ሲቈረቈሩ ይህች ከተማ የተቈረቈረችው በዕቃ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህም መንገዱ በተነካ ጊዜ ሕመሙ ፈጥኖ ይሰማታል።

ይህም ብዙ ጊዜ ታይቷል። በ1969 ዓ.ም. የሶማልያ ጦር በወረረን ጊዜ የባቡሩ መስመር ተቈርጦ ነበር፤ በነሐሴ ወርም ጦርነቱ እስከ ከተማዪቱ ዳርቻ ደርሶ ነበር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን ሲወስድ የብዙዎችን ቤትና ንብረትም ጠርጎ ሄዷል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላም፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የባቡሩና የአውራ ጎዳናው መስመር በሶማሌ ክልል ውስጥ ለጥቂት ቀናት ተዘግቶ ነበር። አገራችን ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ በዚህ መንገድ ላይ የሚደርሰው ነገር የአንድ ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንደኛው ምክንያት፤ የምንጩ መድረቅ

ዕቃ ከሱቅ የሚጠፋበት የመጀመሪያው ምክንያት በእርግጥ ዕቃው ሲያንስ ነው። የዘይቱን ነገር እንደ ምሳሌ እንመልከት። ኢትዮጵያ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍና ለውዝ የምታበቅል አገር ብትሆንም፣ በከተማ የሚበላው ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ወይም ከውጭ ከመጣ ድፍድፍ የሚጣራ ነው። ከዚህም የሚበዛው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ የሚመረተው የፓልም ዘይት ነው። ዩክሬን ደግሞ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በዓለም ገበያ ከሚሸጠው የሱፍ ዘይት ግማሽ ያህሉን ታቀርብ ነበር።

«እኛ የምንበላው የፓልም ዘይት ከሆነ የዩክሬን ጦርነት ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። የሱፍ ዘይት ያጡት አገሮች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ፓልም ዘይት ስላዞሩ ዋጋው በመላው ዓለም ናረ። ኢንዶኔዥያም ለገዛ ሕዝቧ ፈርታ ከሚያዝያ 20 እስከ ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ከዚህ የምንረዳው ዘይት የሚያከማቸው ባለ ሱቅና ባለ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ መንግሥታትም በፈሩ ጊዜ በራቸውን ይዘጋሉ።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባናል። ዘይት ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያም በመኪና ወይም በባቡር ከእኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ሳምንታት ይፈጃል። በየካቲት የመጨረሻ ሳምንት በከዚራ ሱቆች የነበረው ዘይት ጦርነቱ ሳይታሰብ የተገዛና የተጫነ ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት መደርደሪያውን ባዶ ያደረገው ከዩክሬን ያልመጣው ዘይት ሊሆን አይችልም። የጦርነቱ ወሬ ከጦርነቱ ጕዳት ቀድሞ ከከዚራ ደረሰ።

ሁለተኛው ምክንያት፤ የፍርሃት ሒሳብ

ብዙ ሰው የማያስተውለው ምክንያት ይህ ስለ ሆነ በቍጥር እናስረዳው። አንድ ባለ ሱቅ 140 ደንበኛ ቤተ ሰቦች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ቤት በ14 ቀን አንድ ባለ አምስት ሊትር ዘይት ይገዛል። ስለዚህ ባለ ሱቁ በቀን 10 ይሸጣል ማለት ነው። ገንዘቡም ቦታውም ስለማይበቃው የአንድ ሳምንት ሽያጭ፣ ማለት 70 ያህል፣ ያስቀምጣል። በደኅናው ቀን ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ መደርደሪያውም ሁልጊዜ ሞልቶ ይታያል።

አሁን አንድ ወሬ ተነሣ እንበል። ሁሉም ቤት ትርፍ አንፈልግም፣ ነገር ግን በሚመጣው ሳምንት የምንገዛውን አንዱን ዘይት ዛሬ እንግዛ አሉ። በአንድ ቀን 140 ሰዎች መጡ፤ ያለው ግን 70 ነው። ከሁለት ቤት አንዱ ባዶ እጁን ይመለሳል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድም ስግብግብ ሰው የለም። ባለ ሱቁ አልደበቀም፤ ከገዢዎቹም ከአንድ የበለጠ የወሰደ የለም። ሁሉም በአንድ ቀን በመምጣታቸው ብቻ ዕቃው ጠፋ። እያንዳንዱ እኔ እንዳደረግሁት ሁለት ሁለት ቢወስድ ደግሞ የሚደርሰው ለ35 ቤት ብቻ ነው፤ 105 ቤት ያለ ዘይት ይቀራል።

ባዶው መደርደሪያ በራሱ ሰባኪ ነው። ያላመነውን ሰው ያሳምነዋል፤ ወደ ሌላ ሱቅም እንዲሮጥ ያደርገዋል። ወሬው በመጀመሪያ ሐሰት ቢሆንም እንኳ የሰሙት ስላመኑት ብቻ እውነት ይሆናል። በጃፓን አገር በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ፣ የመጸዳጃ ወረቀት ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ ሕዝቡ በየመደብሩ በር ተሰልፎ ነበር። አገሪቱ ወረቀቱን በገዛ ፋብሪካዋ የምትሠራ ሆና ሳለች፣ በሽሚያው ብዛት መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆኑ።

በአገራችንም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ሳሙናና አልኮል፣ የፊት መሸፈኛ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኵርትና ዝንጅብል በአንድ ጊዜ ተሻምተው ዋጋቸው ናረ። ሎሚው ያን ሳምንት ከዛፉ አላነሰም፤ የተለወጠው የሚፈልገው ሰው ብዛት ነው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ማለታቸው ለሥራ መተባበር የተነገረ ቢሆንም፣ በዚያ ሰሞን ለሎሚው ለራሱ የተነገረ ይመስል ነበር።

ፍርሃቱ ከሱቅ ተነሥቶ ወደ ላይም ይወጣል። 70 ይገዛ የነበረው ባለ ሱቅ ደግሞ እንዳያልቅበት ከጅምላ ነጋዴው 200 ይጠይቃል። ጅምላ ነጋዴውም ከሁሉም ባለ ሱቆች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣለት ከአስመጪው ከዚያ የበለጠ ያዝዛል። የሚበላው ዘይት ሳይጨምር ትእዛዙ በየደረጃው ይባዛል። ስለዚህ ዕቃው በመጀመሪያ ፈጽሞ ይታጣል፤ ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ይከማቻል።

ሦስተኛው ምክንያት፤ የነጋዴው ሒሳብ

ከዚህ በላይ የተናገርነው ነጋዴውን ሁሉ ነጻ ለማውጣት አይደለም። በእርግጥ የሚደብቅ አለ። ነገር ግን ዕቃ የሌለውንና ዕቃ ያለውን፣ ያለውንም ደግሞ በፍርሃት የሚይዘውንና በስስት የሚደብቀውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ቸርቻሪ ዘይቱን በ700 ብር ገዝቶ በ750 ቢሸጥ 50 ብር ያተርፋል። በማግሥቱ ሊተካ ሲሄድ ጅምላው 900 ብር ከሆነበት፣ በሸጠበት ገንዘብ ያንኑ አንድ ዘይት መልሶ መግዛት አይችልም። በመዝገብ አትርፏል፤ በዕቃ ግን ከስሯል። ይህን የሚያውቅ ቸርቻሪ ዋጋው እስኪታወቅ ድረስ ሽያጩን ቢያዘገይ በስስት ብቻ አይደለም፤ ሱቁ እንዳይዘጋ ፈርቶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ይህ ነገር በግልጥ ታይቷል። ዕቃ ደብቀዋል፣ ያለ አግባብም ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ብዙ ሱቆች በመንግሥት ታሽገው ነበር። ከእነዚህ መካከል በድሮው ምንዛሪ የገባውን ዕቃ ይዘው የነገውን ትርፍ የሚጠብቁ እንደ ነበሩ አያጠራጥርም፤ ምትኩን በስንት እንደሚያገኝ የማያውቅ ትንሽ ቸርቻሪም ነበረ። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በራቸው ዝግ ነው።

ዋጋን በትእዛዝ ማቆምም ብቻውን መድኀኒት አልሆነም። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት ስኳርን፣ ዘይትን፣ ዳቦንና ሥጋን ጨምሮ ከዐሥር በሚበልጡ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ወስኖ ነበር። ዓላማው ድኻውን ለመርዳት ነበር። ነገር ግን ዕቃው በተወሰነው ዋጋ ሊተካ በማይቻልበት ቦታ ሁሉ ሻጩ ማቅረቡን ተወ፤ ገዢው ደግሞ ረክሶ ሳለ ልግዛ ብሎ በዛ። ስለዚህ አንዳንዱ ሸቀጥ ከሱቅ ጠፋ፤ ጣሪያውም ጥቂት ወራት ቈይቶ ከብዙዎቹ ላይ ተነሣ። ከዚህ ይልቅ የዕቃውን መምጫ መንገድ ማስፋት ይረዳል። ለዚህም በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝና የመሳሰለው ምግብ የውጭ ምንዛሪ በራሳቸው ማግኘት በሚችሉ ሰዎች በኩል ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር።

የሚጐዳው ማን ነው?

አማርትያ ሴን የተባለው የሕንድ ሊቅ በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው ስለ ድኽነትና ስለ ረኃብ በሚናገረው መጽሐፉ በ1965 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ የደረሰውን ረኃብ መርምሯል። በዚያ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ ብዙ እንዳልጨመረ፣ የወሎ ገበሬና ዘላን ግን አዝመራውና ከብቱ ስለ ጠፋበት የሚገዛበት ገንዘብ እንዳልነበረው አሳይቷል። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ማጣት አለ፤ አንዱ የመደርደሪያ ባዶነት ነው፣ ሁለተኛው የእጅ ባዶነት ነው። በከተማ በሽሚያ ጊዜ ሁለቱ በድኻው ላይ ይገናኛሉ።

በሠፈራችን ሳምቡሳ ጠብሳ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት አለች። ዘይት የምትገዛው በሊትር፣ ያውም የትናንቱን ሽያጭ ይዛ ነው። ወሬ ስትሰማ ሁለት መግዛት አትችልም፤ የነገው ዘይት የሚገዛው በዛሬው ሳምቡሳ ነውና። ባለ ደመወዙ በሁለት ቀን መደርደሪያውን ባዶ ሲያደርግ፣ እርስዋ በሦስተኛው ቀን መጥታ አጣች። ምድጃዋ ስንት ቀን ሳይነድድ እንደ ከረመ በኋላ ሰማሁ። በእኔ ቤት ግን ሁለተኛው ዘይት እስከ ትንሣኤ ድረስ ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር። እኔ ነገ እንዳላጣ የያዝሁት እርስዋ ዛሬ ያጣችውን ነው።

ከመጻሕፍት የምንማረው

ማከማቸት ሁሉ ኃጢአት ነውን? አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ምድር እህል አከማችቷል (ዘፍ. ምዕ. 41)። ነገር ግን ያከማቸው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እየወሰደ ነው፤ ረኃቡ በመጣ ጊዜ ደግሞ ጎተራውን ከፈተ። በጥጋብ ቀን ማስቀመጥ ከማንም አፍ አይነጥቅም፤ እንዲያውም የክፉውን ቀን ሽሚያ ያቃልላል። በክፉ ቀን ማከማቸት ግን የዮሴፍ ሥራ ተገላቢጦሽ ነው። እስራኤልም በምድረ በዳ መናን ለየዕለቱ በልክ እንዲሰበስቡ ታዝዘው ነበር፤ አንዳንዶች ትእዛዙን ተላልፈው ያሳደሩት ተላ፣ ሸተተም (ዘፀ. ምዕ. 16)።

ሰማርያ በሶርያውያን በተከበበች ጊዜ የአህያ ራስ እንኳ በሰማንያ ብር እስኪሸጥ ድረስ ረኃብ ጸንቶ ነበር (2ኛ ነገ. ምዕ. 6 እና 7)። ጠላቶቹ በሌሊት ሸሽተው እህሉ በሰፈራቸው ተትቶ ሳለ፣ የከተማው ሰው ግን ስላላወቀ በሩን ዘግቶ ይራብ ነበር። ይህን ያገኙት ከከተማው በር ውጭ የተጣሉት አራቱ ለምጻሞች ናቸው። በመጀመሪያ በልተው፣ ጠጥተው፣ ወርቅና ብር ደበቁ፤ በኋላ ግን ዝም ማለታችን መልካም አይደለም ብለው ተመልሰው የምሥራቹን ተናገሩ። በማግሥቱም የዱቄት ዋጋ ወደቀ። የታሪኩ ዋና ነገር የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እውነተኛ ወሬ በጊዜው መናገር ሕዝብን እንደሚመግብ ደግሞ ከዚህ እንማራለን።

ቅዱስ ባስልዮስም በ360ዎቹ ዓመታተ ምሕረት መጀመሪያ ግድም በቂሣርያ ቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ አጥብቆ አስተምሯል፤ እርሱ ራሱም ለድኾች ምግብ እያሰናዳ ያበላ ነበር። ትምህርቱ የጸናው ከገዛ እጁ ስለ ጀመረ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ካህናትና መምህራን ሳናይ አንናገር። ከዐውደ ምሕረት የሚወጣ ቃል ከገበያ ወሬ ይልቅ ይታመናል፤ ስለዚህ ጕዳቱም ይበልጣል። በችግር ቀን ከመስበካችን በፊት ወደ ሱቁ፣ ወደ ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩና ወደ ጅምላ ነጋዴው ሄደን እንጠይቅ። ዕቃ በመንገድ ላይ ከሆነ በመንገድ ላይ ነው እንበል፤ ካለ አለ፣ ከሌለም የለም እንበል።

ሁለተኛ፣ ገዢዎች በችግር ቀን እንደ ወትሮው እንግዛ። በወር አንድ የሚበቃው ቤት አንድ ይግዛ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከላይ ያየነው ሒሳብ እንደሚያስረዳው 140ው ቤት በየተራው ቢመጣ ኖሮ 70ው ዘይት ለአንድ ሳምንት ይበቃ ነበር። በዚያ ሳምንት ውስጥም ባለ ሱቁ ምትክ ፍለጋ ይሄዳል። ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የሚፈልግ በደኅናው ቀን፣ ከጾሙ መግቢያ አስቀድሞ፣ ጥቂት በጥቂት ያስቀምጥ።

ሦስተኛ፣ ነጋዴዎች ያለውን በልክ አከፋፍሉ። «ለአንድ ቤት አንድ» ብሎ መሸጥ ከነቀፋም ከኪሳራም ያድናል። ዋጋ የሚጨመር ከሆነ ምክንያቱን ለገዢው በግልጥ መንገር፣ በሊትር ለሚገዛውም ድኻ ጥቂት ማስቀረት ይገባል። ዕቃ በመጋዘን ሞልቶ ሳለ «የለም» ማለት ግን ንግድ አይደለም፤ ሐሰት ነው፣ ስርቆትም ነው።

አራተኛ፣ ሰንበቴዎቻችንና ዕድሮቻችን ድንኳን፣ ድስትና ብርጭቆ በጋራ እንደሚያስቀምጡ ሁሉ፣ በጥጋብ ወራት ጥቂት ዘይት፣ ዱቄትና ሳሙና አስቀምጠው በክፉ ቀን ዕለት በዕለት ለሚገዙት ድኾች በገዙበት ዋጋ ቢሰጡ፣ ይህ የዮሴፍ ጎተራ ታናሽ ምሳሌ ይሆናል።

በሚቀጥለው ሰንበት፣ በመፃጉዕ፣ በዚያው ዐውደ ምሕረት ቆሜ ስለ ዘይት የተናገርሁት ሳልመረምር እንደ ነበረ፣ ከሸመቱትም አንዱ እኔ እንደ ሆንሁ ለሕዝቡ ተናገርሁ። ያን ቀን የሰማኝ ሁሉ እንደ ቀድሞው ደስ አላለውም። ባለ ሱቁ መስቀል ተሳልሞ ዝም ብሎ አለፈ። ከጎረቤቶቹ አንዳንዶቹ ወደ ሱቁ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ግን እስከ ዛሬ ከሌላ ይገዛሉ። ዘይት ከጅቡቲ ተጭኖ ይመጣል፤ የጠፋ የሰው ስም ግን በምን እንደሚመለስ አላገኘሁም። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ ዕቃ ጠፋ ሲባል በሰማችሁ ቀን አስቀድማችሁ የየቤታችሁን ጓዳ ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ የሌላውን መጋዘን ለመመርመር የቀና ዓይን ይኖራችኋል።